«ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢውን ለምን ይከፋፍላል?

ስለ አንድ መጽሐፍ «ግሩም ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው «ስለ ምን ነው ታዲያ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ የቤት ሥራ ብዬ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ቆይቻለሁ። የዶርም ጓደኞቼን፣ ቦሳ አዲስ ውስጥ ጀበና ቡና የሚጠጡ ሰዎችን፣ አሮጌ መጽሐፍ አዟሪዎችን፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን ጠይቄአለሁ። መጽሐፉ ትልቅ መሆኑን የካደ ሰው አልገጠመኝም። ስለ ምን እንደሆነ ግን የተስማሙ ሁለት ሰዎችንም አላገኘሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዱ «የፍቅር መጽሐፍ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ የፖለቲካ ነው፣ ፍቅሩ ማባበያ ነው» ይላል። አንዷ በሰብለ ወንጌል ታለቅሳለች፣ ሌላዋ በሰብለ ትናደዳለች። አንዱ ጉዱ ካሣን ነቢይ ያደርገዋል፣ ሌላው «ብዙ የሚያወራ፣ ምንም የማይሠራ» ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ የአንባቢው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት እሞክራለሁ። እንደ እኔ ግምት ክፍፍሉ መጽሐፉ ጥሩ ነው አይደለም በሚለው ላይ አይደለም። አንባቢው ከየትኛው ገጸ ባሕርይ ጋር ተጉዞ እንደጨረሰው ነው የሚወስነው።

መጽሐፉ በአጭሩ

ላላነበቡት ወይም ካነበቡት ለቆዩት ትንሽ እንበል። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ። በጎጃም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፣ መምህር ሆነዋል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል። ከነፃነት በኋላ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ጎጃም፣ ማንኩሳ ላይ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። በስለቱ መሠረት ልጁ የዓለምን ኑሮ ትቶ እግዚአብሔርን ሊያገለግል ነው። በዛብህ ግን ቅኔ ተምሮ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ፣ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ይሆናል። ፍቅር ይይዛቸዋል። ፊታውራሪ ዘር የሚቆጥሩ ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ «ከዘራችን አይደርስም» እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ገፍቷል። የድሃ ልጅማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ነገሩ ሲታወቅ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ልትፈልገው ትወጣለች። ሲገናኙ እሱ በሽፍቶች ተጎድቶ ሊሞት ተቃርቧል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ርዕሱ ራሱ ይናገረዋል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ላይ ነው ሰው የሚከፋፈለው።

የፍቅር ነው ወይስ የሥርዓት?

የመጀመሪያው ጎራ የፍቅር ጎራ ነው። እነዚህ አንባቢዎች ሁለቱን ወጣቶች ተከትለው ይነጉዳሉ። ገበሬው፣ ግብሩ፣ የጉዱ ካሣ ረጅም ንግግር ሲመጣ ገጽ ይገለብጣሉ። አንዷ የዶርም ጓደኛዬ ስለ ፊታውራሪና ስለ ገበሬዎቹ ጠብ የሚያወራውን ክፍል ዘልላ እንደጨረሰችው ነግራኛለች። አላፈረችም። «እኔ በዛብህና ሰብለ ይገናኙ አይገናኙ ነበር ያስጨነቀኝ» አለችኝ።

ሁለተኛው ጎራ ግን የዘለለችውን ክፍል ልብ አድርጎ የሚይዝ ነው። በዚያ ክፍል ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቻቸውን ከልማድ ውጪ ግብር ይጠይቃሉ፣ ገበሬዎቹ እምቢ ይላሉ፣ በአበጀ በለው መሪነት አምፀው የፊታውራሪን ጦር ያሸንፋሉ። ለእነዚህ አንባቢዎች ዋናው ነገር ይኼ ነው። የኅትመቱን ጊዜም ያስታውሳሉ። መጽሐፉ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ በወጡ ማግስት ነው። በ1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥትም ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም። በዚያ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣን የነበሩ ሰው የመኳንንቱን ቤት ከውስጥ ከፍተው ማሳየታቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ታሪኩ ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበረው ዘመን ስለተቀመጠ የድሮ ዘመን ትረካ ተብሎ ሊነበብም ይችላል። የፍቅር ጎራም የሥርዓት ጎራም በየፊናቸው ማስረጃ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ጎራም አለ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም እኔን በጣም አስገርሞኛል። የስለቱ ጎራ ነው። አንድ በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያደጉ እናት መጽሐፉን በሬዲዮ ነው የሚያውቁት። እሳቸው እንደሚሉት የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ሌላ ሳይሆን የፈረሰው ስለት ነው። «ለእግዜር የተሰጠ ልጅ ለሰው ሲሰጥ ምን ይጠበቃል?» አሉኝ። በዚህ ዓይን ስናየው ፊታውራሪ እንኳ ክፉ ሰው መሆናቸው ይቀርና የዕጣ መሣሪያ ይሆናሉ። ይህን ንባብ «ኋላ ቀር» ብሎ መጣል ይቻላል። ነገር ግን በዛብህ ራሱ በስለቱ ምክንያት ከኅሊናው ጋር እንደሚሟገት ማስታወስ ያስፈልጋል። ደራሲው ስለቱን ያለ ምክንያት ታሪኩ መጀመሪያ ላይ አላስቀመጡትም።

ሰብለ ወንጌል ታሳዝናለች ወይስ ታናድዳለች?

ይህ ክፍፍል በተለይ በሴቶች ዶርም የጦፈ ነው። አንደኛው ወገን እንዲህ ይላል፦ ሰብለ የአባቷ ዕቃ ናት። ባል ይመርጡላታል፣ ይመልሱላታል፣ እሷ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ፍቅረኛዋ ሲሸሽ እሷ ትቀራለች፣ ሲሞት ትመንናለች። ታዲያ ይህች ናት ለእኛ አርአያ የምትሆነው?

ሌላው ወገን ደግሞ የመንገዱን ክፍል ይጠቅሳል። የመኳንንት ልጅ ሆና፣ ከግቢ ሳትወጣ ያደገች ሴት ቤቷን ጥላ፣ ማንነቷን ቀይራ፣ በእግሯ ወደማታውቀው አገር መውጣቷ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት እስቲ ይላል። በነገራችን ላይ ሴት ልጅ ልብስ ለውጣ ወንድ መስላ መንገድ መውጣቷ በአማርኛ ልብ ወለድ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ጦቢያ የምትባለው ልጅም እንዲሁ አድርጋለች። ልዩነቱ ጦቢያ የወጣችው ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ መሆኑ ነው። ሰብለ ከአባቷ ቤት ሸሽታ ነው የወጣችው። በሃምሳ ምናምን ዓመት ውስጥ የሴቷ መንገድ አቅጣጫውን ቀይሯል ማለት ነው።

እኔ ራሴ ሴት እንደመሆኔ በዚህ ላይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ሰብለን ደካማ የሚሏት አንባቢዎች የሚመዝኗት በእኛ ዘመን ሚዛን ይመስለኛል። ዛሬ እኛ ከቤተሰብ ርቀን ጅማ ድረስ መጥተን ስንማር ተሳፍረን፣ ቦርሳ ተሸክመን፣ ስልክ እየደወልን ነው። እሷ የወጣችው ለመመለስ የሚያስችል መንገድ ሳታስቀር ነው። ሆኖም የተቃዋሚዎቹ ጥያቄም መልስ የለውም አልልም። ቤቷን ጥላ ከወጣች በኋላ ደራሲው ለሰብለ ከምንኩስና ሌላ ሕይወት ሊያስቡላት አልቻሉም ወይ? ይህን ጥያቄ ማንሳት መጽሐፉን መናቅ አይደለም።

ጉዱ ካሣ

ካሣ ዳምጤን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው። የፊታውራሪ ዘመድ ሆኖ ሳለ ወገኖቹ ዝቅ አድርገው የሚያዩአትን አገልጋይ በማግባቱ፣ ማንም የማይናገረውን በመናገሩ «ጉዱ» ተባለ። እብድ የሚሉት ጤነኞቹ ናቸው። ማኅበረሰቡ የቆመበት መሠረት ካልተለወጠ አንድ ቀን ሕንፃው ራሱ በላያችን ይወድቃል የሚለው ሐሳቡ ከሁሉም በላይ ይታወሳል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙ አንባቢ «ጉዱ ካሣ ተናግሮ ነበር» ማለቱ ለዚህ ነው።

የአብዮቱን ዘመን በዕድሜያቸው ያዩ አንድ ጡረተኛ መምህር ግን በዚህ አይስማሙም። እሳቸው ጉዱ ካሣን የሚወዱት ሌላ ምክንያት አግኝተው ነው። ሰውየው መሠረቱ ይለወጥ ይላል እንጂ ቤቱን በእሳት አቃጥሉ አላለም ይላሉ። «የእኛ ትውልድ ግማሹን ሰምቶ ሮጠ» አሉኝ። በዕድሜ የእኛ እኩያ የሆነ አንድ ሲኒየር ደግሞ በተቃራኒው ጉዱ ካሣን ይወቅሳል። ያን ሁሉ ዐውቆ ከመናገር በቀር ምን ሠራ? አበጀ በለው አይደለም ወይ የሠራው? ይላል። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ነው። የሚከራከሩት ግን ስለ ራሳቸው ዘመን ነው። አንዱ ብዙ ደም አይቷል፤ ሌላው ብዙ ወሬ ሰልችቶታል።

በጆሮ የሰማና በዓይን ያነበበ

አንድ ሌላ የልዩነት ምንጭ አለ። ብዙ ሰው አያስበውም። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ግን ዋነኛው ይመስለኛል። ይህን መጽሐፍ «አንብቤዋለሁ» ከሚለው ሰው ብዙው በእርግጥ የሰማው ነው። በደርግ ዘመን አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተርኮታል። ትረካው ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

በጆሮ የሰማ ሰው ርዝመቱን አያማርርም። ለምን? የመነባንቡ ለዛ፣ የቃላቱ ምት፣ የፊታውራሪ ቁጣ፣ የጉዱ ካሣ ሽሙጥ ሁሉ በወጋየሁ ድምፅ ነፍስ ዘርቶ ይመጣለታል። በዓይን ያነበበ ወጣት ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ቅሬታ «ይንዛዛል» የሚል ነው። አረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ ቃላቱ የቤተ ክህነትና የጎጃም ናቸው፣ ደራሲው አንዱን ነገር አስረድተው እስኪጠግቡ አይለቁም። አንዳንዱ የቀድሞ ኅትመት የገጠመው አንባቢማ በፊደሎቹ አናት ላይ ነጥብ ሲያይ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋል። ስሕተት አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ ስለነበር ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል በነጥብ አመልክተውታል። ለምሳሌ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። በጽሑፍ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። እንግዲህ ደራሲው ራሳቸው መጽሐፉ በትክክል «እንዲሰማ» ይጨነቁ ነበር ማለት ነው። ወጋየሁ ያደረገውም ያንኑ ነው።

በቡና አገር ሲነበብ

አሁን ወደ ሠፈራችን እንምጣ። ጅማ የጎጃም አይደለችም። አባ ጅፋር ዳግማዊ ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው የኖሩበት፣ የጅረን ቤተ መንግሥት እስከዛሬ የቆመበት አገር ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከገራ የመጡ የክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። አንዱ በግልጽ እንዲህ ብሎኛል፦ «ደብሩ፣ ቅኔው፣ ፊታውራሪው የእኔ አይደለም። 'የሁላችን ክላሲክ' ስትሉኝ ማን ጠየቀኝ እላለሁ።» ይህን አስተያየት ሰምቶ መቆጣት ቀላል ነው። እኔ ግን ከቁጣ ይልቅ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልሱን በከፊል ያገኘሁት ደግሞ እዚያው አጋሮ አካባቢ ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት በወጣትነታቸው በሰው ቡና መሬት ላይ ጢሰኛ ነበሩ። መጽሐፉን አላነበቡትም። የፊታውራሪንና የገበሬዎቹን ጠብ ስነግራቸው ግን ሳልጨርስ ጨረሱልኝ። ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል፣ በበዓል የሚወሰድ ሙክት፣ ማር፣ የጉልበት ሥራ፤ ሁሉንም ዘረዘሩት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የት ቆመው እንደሰሙ ያስታውሳሉ። በእርግጥ የሁለቱ አገር የመሬት ሥሪት አንድ አልነበረም። በጎጃም ገበሬው በአብዛኛው ባለ ርስት ነው፤ የሚገብረው ባለ ጉልት ለሆነው መኳንንት ነበር። በደቡብና በምዕራብ ደግሞ ብዙው ገበሬ በባላባትና በመሬት ባለቤት ሥር ጢሰኛ ሆኖ ነው የኖረው። ጫናው እዚህ ይብስ ነበር እንጂ አይቀልም። ስለዚህ ቅኔውና ደብሩ ለጅማ አንባቢ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ግን ሩቅ አይደሉም። ያ የክፍል ጓደኛዬ በዛብህን ተከትሎ ቢገባ በሩ ይዘጋበት ይሆናል፣ በአበጀ በለው በኩል ቢገባ ግን ክፍት ነው። ይህን ስነግረው «እስቲ ያን ክፍል አምጪልኝ» አለኝ። አልተስማማም፣ ሊያነብ ግን ተስማማ።

ሌላው ዓለምስ?

የፍቅርና የታሪክ ልብ ወለድ አንባቢን ሲከፍል የእኛ የመጀመሪያው አይደለም። ጋዜጠኛና ገጣሚ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ የመለሰውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የአሜሪካዊቷ የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። እዚያም ጠቡ ያው ነው። አንዱ የስካርሌትን ፍቅርና ጽናት ያደንቃል፣ ሌላው በባርነት የተያዙት ጥቁሮች በመጽሐፉ ውስጥ የታዩበትን መንገድ ይቃወማል። በ2020 እ.ኤ.አ. ፊልሙን አንድ የአሜሪካ የፊልም ማሳያ ለጊዜው አንስቶ፣ ኋላ ማብራሪያ ጨምሮ መልሶታል።

ሁለቱን ሳነጻጽር አንድ ልዩነት ይታየኛል። በሚቸል መጽሐፍ ውስጥ ፍቅሩን የወደደ አንባቢ ሥርዓቱንም አብሮ ይናፍቅ ዘንድ ይጋበዛል። ወቀሳውም ከዚህ ይመጣል። በሐዲስ መጽሐፍ ግን ፍቅሩን የወደደ ሰው ሥርዓቱን መውደድ አይችልም፤ ፍቅሩን የሚገድለው ሥርዓቱ ነውና።

የክፍፍሉ ቋጠሮ

ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። የፍቅር ጎራና የሥርዓት ጎራ የሚከራከሩት ስለ ሁለት መጽሐፍ ይመስላቸዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃቸው፦ በዛብህና ሰብለን የለያቸው ምንድን ነው? ዘር ቆጠራ። ገበሬዎቹን ያሳመፀው ምንድን ነው? «እኔ በዘሬ ከእናንተ በላይ ነኝና የፈለግሁትን አስገብራለሁ» የሚል ያው ዘር ቆጠራ። ጉዱ ካሣን እብድ ያሰኘው ምንድን ነው? ሚስቱን ሲያገባ ዘር አለመቁጠሩ። አንዱ ሕግ በመኝታ ቤት፣ በእርሻ ላይ፣ በአደባባይ ሲሠራ ነው ሦስት ታሪክ የሚመስለው። ጓደኛዬ የዘለለችው ክፍል ልታነበው የጓጓችለትን ፍቅር የገደለውን እጅ የሚያሳያት ክፍል ነበር። ፍቅሩን «ማባበያ» የሚለው ሰው ደግሞ ግብሩን ብቻ ይዞ ይቀራል። ግብር በቁጥር ይነገራል፣ ዘር ቆጠራ ግን ሰውን ምን እንደሚያደርገው የሚታየው በሰብለ ዕድሜ ላይ ነው። ስለቱም ቢሆን ከዚህ ቋጠሮ ውጪ አይደለም። እዚያም የልጁን ሕይወት የወሰኑለት ሌሎች ናቸው።

ስለዚህ በበኩሌ ክርክሩ እንዲያበቃ አልመኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከጠየቅኋቸው ውስጥ ጥቂት የማይባሉት «ክላሲክ ነው» ብለው ዝም ያሉት ስላላነበቡት ነው። መጽሐፍ የሚሞተው ሲሰደብ ሳይሆን ሳይነበብ ሲከበር ነው። ያቺ የተናደደችው ልጅ፣ ያ «ማን ጠየቀኝ» ያለው ልጅ፣ እነዚያ ስለ ስለቱ የተቆጡ እናት መጽሐፉን በሕይወት ያቆዩት ናቸው።

ዘር ቆጠራው ደግሞ የድሮ ታሪክ ብቻ መስሎ ለታየው ሰው አንድ ነገር ልጠይቅ። ዛሬ ከእኛ መካከል የወደደውን ሰው ለቤተሰቡ ለመንገር «የማን ልጅ ነው? ከየት ነው?» የሚለውን ጥያቄ የማይፈራ ማን ነው? በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ይህን ጥያቄ ፈርተው የተለያዩ ጥንዶችን እኔ ዐውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

መጽሐፉ ረጅም ነው፣ አልዋሽም። ለሴሚስተር ዕረፍት ግን ይበቃል። ጊዜ የሌለው በወጋየሁ ድምፅ ይስማው። ስትጨርሱ «ወደዳችሁት ወይ?» ብዬ አልጠይቃችሁም። ማንን ተከትላችሁ እንደጨረሳችሁት ብቻ ንገሩኝ።